ርካሹ የስኩባ ሥልጠና በስተመጨረሻ ምን ያስከፍላል?

በሲና ባሕረ ገብ መሬት በምትገኘው የግብፅዋ ዳሃብ ከተማ የስኩባ ጠለቃ የሚያስተምሩ ማዕከላት በባሕሩ ዳርቻ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በአየር ሲሊንደር እየተነፈሱ ባሕር ውስጥ መጥለቅን ለጀማሪዎች የሚያስተምረው ሥልጠና በአብዛኞቹ ዘንድ በስም አንድ ነው። በማብቂያው የሚሰጠው የምስክር ወረቀትም ተመሳሳይ ነው። የሚለያየው ዋጋው ነው።

ይህ ለጀማሪ ግራ ያጋባል። የሚገኘው ወረቀት አንድ ከሆነ፣ ለምን ተጨማሪ ገንዘብ ይከፈላል?

መልሱ ወረቀቱ ላይ አይገኝም። ልዩነቱ ያለው አሠልጣኙ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይዞ ወደ ውሃ እንደሚገባ፣ ሥልጠናው ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ መሣሪያዎቹ መቼ እንደተፈተሹ እና አየሩ በምን ዓይነት ማሽን እንደተሞላ ነው። እነዚህ ደግሞ ገና ባሕር ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ሊመዝናቸው የማይችላቸው ጉዳዮች ናቸው።

ከግብፅ የቀይ ባሕር ከተሞች እስከ ጅቡቲ፣ ከኬንያ የባሕር ዳርቻ እስከ ዛንዚባር ጠለቃ የቱሪዝም አንዱ ገቢ ምንጭ ነው። በቀይ ባሕር ላይ የሚደርሱ የጀልባ አደጋዎች የዓለምን ትኩረት ይስባሉ። እአአ በኅዳር 2024 'ሲ ስቶሪ' የተሰኘች ጠላቂዎችን የጫነች ጀልባ በግብፅ ማርሳ አላም አቅራቢያ ሰጥማ 11 ሰዎች ሞተዋል ወይም የገቡበት ሳይታወቅ ቀርቷል። በሥልጠና ላይ የሚታየው ጉድለት ግን በአንድ ሌሊት የሚፈጠር ስላልሆነ ብዙም አይወራለትም። የሚታወቀው ጠላቂው ችግር ሲገጥመው ነው።

ከውሃ በታች ምን ይለወጣል?

የሥልጠናውን ፋይዳ ለመረዳት ቀላል የሆነ የፊዚክስ ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል ላይ ሰውነታችን ላይ የሚያርፈው ግፊት አንድ አትሞስፌር ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ይህንኑ የሚያህል ግፊት ይጨመራል። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ሁለት እጥፍ፣ በ20 ሜትር ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛው የአየር ፍጆታ ነው። ጠላቂው ወደ ታች በወረደ ቁጥር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚወስደው አየር ይበዛል። በውሃው ገጽ ላይ ለአንድ ሰዓት የሚበቃ ሲሊንደር በ20 ሜትር ጥልቀት በ20 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። የተረበሸ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከዚህም ይፈጥናል።

ሁለተኛው ሳንባን ይመለከታል። በ10 ሜትር ጥልቀት ሳንባውን በአየር ሞልቶ ትንፋሹን እንደያዘ ወደ ላይ በሚወጣ ሰው ውስጥ አየሩ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ሳንባ ይህን አይችልም። ሊቀደድ፣ የአየር አረፋም ወደ ደም ሥር ገብቶ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ይህ ጉዳት ከሁለት ሜትር ባነሰ ጥልቀት፣ ማለትም በመዋኛ ገንዳ ውስጥ እንኳ ሊደርስ ይችላል። የስኩባ የመጀመሪያው ሕግ "ትንፋሽህን ፈጽሞ አትያዝ" የሆነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። ከምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ሲሆን፣ በግፊት ጊዜ ወደ ደምና ወደ ሰውነት ሕብረ ሕዋሳት ይሟሟል። ጠላቂው ቀስ ብሎ ሲወጣ በትንፋሽ ይወገዳል። በፍጥነት ከወጣ ግን ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አረፋ ይሠራል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ከባድ ድካም፣ አንዳንዴም ሽባነት የሚያስከትለው የዲኮምፕረሽን ሕመም የሚባለው ይህ ነው።

ጭንብሉ ውስጥ ውሃ የገባበት ወይም አየር ያጠረው ጀማሪ የመጀመሪያ ስሜቱ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ መሮጥ ነው። በየብስ ላይ ሕይወት የሚያድነው ይህ ደመ ነፍስ በጥልቀት ላይ ሊገድል ይችላል። የሥልጠናው ዋና ሥራ ይህን ስሜት መግራት ነው። ለዚህም መደጋገም ያስፈልጋል፤ መደጋገም ደግሞ ጊዜ ይወስዳል።

ደንቡ ምን ይላል?

ዣክ ኩስቶ እና ኤሚል ጋኛን ዘመናዊውን የውሃ ውስጥ መተንፈሻ መሣሪያ እአአ በ1943 ፈረንሳይ ውስጥ ከሠሩ በኋላ ጠለቃ ከባሕር ኃይሎች እጅ ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ደረሰ። ኩስቶ ራሱ በ1963 በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ በሚገኘው ሻዓብ ሩሚ የኮራል አለት ላይ ሰዎች ለአንድ ወር ያህል በውሃ ውስጥ የኖሩበትን ሙከራ አካሂዷል።

ፍላጎቱ ሲያድግ ሥልጠናውን የሚያደራጁ ተቋማት ተፈጠሩ። ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው ፓዲ እአአ በ1966 አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ። ኤስኤስአይን ጨምሮ ሌሎችም ተከተሉ። ሥልጠናውን የሚሰጡት በየባሕር ዳርቻው ያሉ የግል ማዕከላት ሲሆኑ፣ ተቋማቱ ሥርዓተ ትምህርቱን ያዘጋጃሉ፣ ለአሠልጣኞች ዕውቅና ይሰጣሉ፣ የምስክር ወረቀቱንም ያወጣሉ።

በፓዲ ደንብ መሠረት 'ኦፕን ዋተር' የተሰኘው የጀማሪዎች ሥልጠና በገንዳ ወይም በተከለለ ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚሰጥ ልምምድ እና ቢያንስ አራት የባሕር ላይ ጠለቃዎች አሉት። የባሕር ላይ ጠለቃዎቹ ቢያንስ በሁለት ቀናት መከፋፈል አለባቸው። ሠልጣኙ 200 ሜትር መዋኘት፣ ለ10 ደቂቃ ያለ ድጋፍ መንሳፈፍ ይጠበቅበታል። ሲያጠናቅቅ ከሌላ ጠላቂ ጋር ሆኖ እስከ 18 ሜትር ጥልቀት መውረድ ይፈቀድለታል።

በባሕር ላይ አንድ አሠልጣኝ ያለ ረዳት ሊይዝ የሚችለው የሠልጣኝ ብዛት ጣሪያ ስምንት ነው። ይህ ቁጥር ግን ውሃው የጠራና የረጋ ሲሆን ብቻ የሚሠራ ከፍተኛ ወሰን ነው። ሞገድ፣ ኃይለኛ የውሃ ፍሰት ወይም ድፍርስ ውሃ ካለ አሠልጣኙ ቁጥሩን የመቀነስ ግዴታ አለበት።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም፣ አይኤስኦ 24801 በሚባለው መስፈርቱ የጠላቂዎችን፣ በ24802 የአሠልጣኞችን፣ በ24803 ደግሞ የአገልግሎት ሰጪ ማዕከላትን አነስተኛ ደረጃ አስቀምጧል።

ስለዚህ ችግሩ ደንብ አለመኖሩ አይደለም። በወረቀት ላይ ያለው ደንብ በአግባቡ ከተተገበረ ጀማሪን ለመጠበቅ የሚበቃ ነው። ጥያቄው ባሕር ዳር ላይ ማን ያስከብረዋል የሚለው ነው።

ተቆጣጣሪው ማን ነው?

በብዙ አገራት ጠለቃ ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር ዘርፍ ነው። የሥልጠና ተቋማቱ ለሠልጣኞች መጠይቅ ይልካሉ፤ ቅሬታ ይመረምራሉ፤ ደንብ የጣሰን አሠልጣኝ ያግዳሉ ወይም ያሰናብታሉ። በሌላ በኩል ገቢያቸው የሚመጣው ከማዕከላትና ከአሠልጣኞች የአባልነት ክፍያ፣ ከመማሪያ መሣሪያዎች ሽያጭ እና ከሚሰጡት የምስክር ወረቀት ነው። ቁጥጥሩን የሚያካሂደው አካል ቁጥጥር ከሚደረግበት አካል ገቢ ያገኛል ማለት ነው። ይህ በራሱ የጥፋት ማስረጃ አይደለም። ይሁን እንጂ ሠልጣኙ ሊያውቀው የሚገባ እውነታ ነው።

አንዳንድ አገራት በሕግ ጣልቃ ገብተዋል። እስራኤል የመዝናኛ ጠለቃን የሚመለከት ሕግ ያወጣችው እአአ በ1979 ሲሆን፣ በቀይ ባሕር ላይ በምትገኘው ኤይላት የሚጠልቁ ሰዎች የኢንሹራንስ ሽፋን እንዲኖራቸው ይጠየቃሉ። ግብፅ በ2007 የጠለቃና የውሃ ስፖርት ምክር ቤት አቋቁማ ማዕከላትንና አሠልጣኞችን ትመዘግባለች።

ሆኖም የመንግሥት ተቆጣጣሪም ሆነ የተቋሙ መርማሪ በየዕለቱ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ዘንድ ሊገኝ አይችልም። አሠልጣኙ የመጨረሻውን ልምምድ ሳያስደግም "አልፈሃል" ካለ፣ ይህን የሚያውቁት እርሱና ሠልጣኙ ብቻ ናቸው። ሠልጣኙ ደግሞ ምን እንደጎደለበት አያውቅም።

ወጪው የሚቀነሰው ከየት ነው?

አንድ ማዕከል ዋጋውን ከጎረቤቱ በታች ለማድረግ ሲፈልግ ሊነካቸው የማይችላቸው ወጪዎች አሉ። ለሥልጠና ተቋሙ የሚከፈለው የመማሪያ መሣሪያና የምስክር ወረቀት ዋጋ በማዕከሉ ውሳኔ የሚለወጥ አይደለም። የጀልባ ነዳጅም በገበያ ዋጋ ይገዛል። እንደልብ ሊቀነሱ የሚችሉት የአሠልጣኝ ጊዜ፣ የመሣሪያ ጥገና እና ለድንገተኛ አደጋ የሚደረግ ዝግጅት ናቸው። ሦስቱም በቀጥታ ከደኅንነት ጋር የተያያዙ ናቸው።

የሠልጣኝ ብዛትን እንመልከት። አራት ጠለቃዎች እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ ቢፈጁ በድምሩ 160 ደቂቃ ይሆናሉ። አሠልጣኙ ስምንት ሰዎች ከያዘ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በአማካይ 20 ደቂቃ ነው። አራት ሰዎች ከያዘ 40 ደቂቃ ይደርሳል። ሁለቱም ከደንቡ ጋር አይጋጩም፤ ወረቀታቸውም አንድ ነው። ከዚህም በላይ ከስምንቱ አንዱ ደንግጦ ወደ ላይ ቢፈተለክ አሠልጣኙ እርሱን መከተል ወይም ከሰባቱ ጋር መቆየት ይኖርበታል። ሠልጣኝ ሲበዛ ረዳት መቅጠር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ረዳት ግን ደመወዝ ይፈልጋል።

ሁለተኛው የቀናት ማጠር ነው። በመጀመሪያው ዘመን የሲቪል ጠላቂዎች ሥልጠና ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ዛሬ ንድፈ ሐሳቡ በኢንተርኔት ተጠንቶ ተግባሩ በሦስት ወይም በአራት ቀናት ይጠናቀቃል። ይህን የሚደግፉ ባለሙያዎች መሣሪያው በእጅጉ እንደተሻሻለ፣ የጠላቂ ኮምፒውተር፣ የአየር መጠን መለኪያና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለጀማሪው ሥራ እንዳቀለሉለት ይናገራሉ። ክርክሩ መሠረት አለው። አደጋው ያለው ቀኑ ማጠሩ ላይ ሳይሆን፣ ሠልጣኙ ቢዘገይም ቀኑ የማይራዘም መሆኑ ላይ ነው። ደንቡ ሠልጣኙ ክህሎቱን በቁጥጥር እና ያለ ጭንቀት እስኪችለው እንዲደጋግም ይጠይቃል። የአውሮፕላን ትኬቱ እና ለቀጣዩ ቡድን የተያዘው ጀልባ ግን አይጠብቁም።

ሦስተኛው የአሠልጣኙ ልምድ ነው። አንድ ሰው የፓዲ አሠልጣኝ ለመሆን ለፈተና ሲቀርብ የተመዘገቡ 100 ጠለቃዎች እና ከመጀመሪያው የምስክር ወረቀቱ ወዲህ ስድስት ወራት ሊኖሩት ይገባል። ይህም ማለት ከዓመት በፊት ባሕር ገብቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ሌላውን ሊያስተምር ይችላል። በብዙ የቱሪስት ከተሞች አሠልጣኞች የሚከፈላቸው በሠልጣኝ ቁጥር በመሆኑ፣ "ይህ ሰው ገና አልደረሰም" ብሎ የሚመልስ አሠልጣኝ ጊዜውንም ገቢውንም ሊያጣ ይችላል።

አራተኛው መሣሪያ ነው። ከሲሊንደሩ አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው ሬጉሌተር በአምራቹ መመሪያ መሠረት በየጊዜው ተፈትቶ ሊጠገን ይገባል። ሲሊንደር እስከ 200 ባር ይሞላል፤ ይህ ከመኪና ጎማ ግፊት መቶ እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህም በዓይንና በግፊት የሚደረግ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የመጨረሻው የግፊት ምርመራ ቀንም አንገቱ አካባቢ ተቀርጾ ይገኛል።

አየሩን የሚሞላው ኮምፕረሰርም ትኩረት ይሻል። አየር የሚስብበት አፍ ከሞተር ጭስ አጠገብ ከሆነ ወይም ማጣሪያው ሳይቀየር ከቆየ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ሲሊንደሩ ሊገባ ይችላል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጥልቀት ግፊት ሲጨምር ደግሞ መርዛማነቱ ይብሳል። የማጣሪያ ዋጋ ከኮምፕረሰሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ቢሆንም፣ ደንበኛው ስለማያየው ለመዝለል ቀላል ነው።

አምስተኛው የጤና መጠይቁ ነው። ከሥልጠና በፊት የሚሞላው ቅጽ ስለ አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታና ስለሚወሰዱ መድኃኒቶች ይጠይቃል። አንድ "አዎ" የሚል መልስ የሐኪም ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህም ቀን ያባክናል፣ ደንበኛንም ሊያሳጣ ይችላል። "ሁሉንም 'የለም' በለው" የሚል ምክር የሚሰጥ ማዕከል ካለ፣ ሠልጣኙ ሊወጣበት የሚገባ ቅጽበት ያ ነው።

አሃዞቹ ምን ይነግሩናል?

ጠለቃ ብዙዎች እንደሚፈሩት ገዳይ አይደለም። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ (ዳን) የተሰኘው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት እአአ ከ2000 እስከ 2006 ኢንሹራንስ በገቡ አባላቱ ላይ ባደረገው ጥናት፣ በዓመት ከ100 ሺህ ሰዎች ወደ 16 የሚጠጉት በጠለቃ ሕይወታቸው ማለፉን አመልክቷል።

የድርጅቱ ተመራማሪዎች እአአ በ2008 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ 947 የመዝናኛ ጠላቂዎችን ሞት መርምረዋል። የአደጋው መነሻ ሊለይ በተቻለባቸው አጋጣሚዎች፣ 41 በመቶው የአየር ማለቅ ወይም ማነስ ነበር። መጠላለፍ ወይም መያዝ 20 በመቶ፣ የመሣሪያ ችግር 15 በመቶ ድርሻ ነበራቸው።

የመጀመሪያው አሃዝ ልብ ሊባል ይገባል። የአየር መለኪያን በየጊዜው ማየት፣ አየር ሲያጥር ከጓደኛ መጋራት እና ተረጋግቶ መውጣት ማንኛውም የጀማሪዎች ሥልጠና የሚያስተምራቸው ጉዳዮች ናቸው። በብዛት ወደ ሞት የሚያመራው የመጀመሪያ ስህተት የትምህርቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው።

ከዚሁ ከዳሃብ በስተሰሜን የሚገኘው 'ብሉ ሆል' ሌላ ማስረጃ ነው። በዚህ ጥልቅ የባሕር ጉድጓድ ውስጥ ወደ ክፍቱ ባሕር የሚያወጣው ቅስት ያለው በ55 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። ይህም የመዝናኛ ጠለቃ ጣሪያ ከሆነው 40 ሜትር በእጅጉ ያልፋል። እዚያ የሞቱ ጠላቂዎች መታሰቢያ ጽሑፎች በገደሉ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። የምስክር ወረቀት የወሰንም ማሳወቂያ መሆኑን ያልተማረ ሰው ወረቀቱን እንደ ማለፊያ ፈቃድ ብቻ ይቆጥረዋል።

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ፦ የሚዘነጋው ከፍታ

ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚያስፈልግ አንድ ትምህርት አለ። ጅቡቲ ለኢትዮጵያ ቅርብ ከሆኑት የጠለቃ ሥፍራዎች አንዷ ናት። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ ዳርቻ፣ ከኅዳር ወር ጀምሮ ባሉት የብርድ ወራት ዌል ሻርክ የተሰኘው ግዙፍ ዓሣ ይታያል። ዓሣውን ከውሃው ገጽ ላይ እየዋኙ ማየት የግፊት ችግር አያስከትልም። በሲሊንደር መጥለቅ ግን የተለየ ነው።

ጠላቂው ከባሕር ከወጣ በኋላም የተሟሟው ናይትሮጅን በሰውነቱ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። በዚህ መሐል የአየር ግፊት ወደሚቀንስበት ከፍታ ከወጣ አረፋ ሊፈጠር ይችላል። የዳን መመሪያ አንድ ጠለቃ ብቻ ያደረገ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ከሚኖረው ከፍተኛ የግፊት ከፍታ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ጠዋት ጅቡቲ ላይ ጠልቆ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው በአውሮፕላንም ሆነ በመኪና ቢጓዝ አደጋው ይከተለዋል። አውሮፕላኑ አርፎም ግፊቱ ወደ ባሕር ጠለል መጠን አይመለስም። በባሕር ዳርቻ ከተሞች ለሚኖሩ የተዘጋጀ የጥድፊያ ሥልጠና ይህን ሳያነሳ ሊያልፍ ይችላል።

ከመመዝገብ በፊት ምን ይጠየቅ?

ባሕር ዳር ላይ በየቀኑ የሚገኘው ተቆጣጣሪ ሠልጣኙ ራሱ ነው። የሚከተሉትን ለመጠየቅ ልምድ አያስፈልግም።

• በአንድ አሠልጣኝ ሥር ስንት ሠልጣኞች ይሆናሉ? ረዳትስ አለ?

• አንድ ክህሎት ቢያቅተኝ ተጨማሪ ቀን አገኛለሁ? ዋጋውስ?

• የመዋኛ ፈተናው መቼ ነው? "አያስፈልግም" የሚል መልስ ማስጠንቀቂያ ነው።

• አሠልጣኙ ፈቃዱ የታደሰ ነው? በሥልጠና ተቋሙ ድረ ገጽ ማረጋገጥ ይቻላል።

• ሬጉሌተሩ መቼ ተጠገነ? የኮምፕረሰሩ ማጣሪያስ መቼ ተቀየረ? ጥሩ ማዕከል መዝገቡን ያሳያል።

• በጀልባው ላይ የኦክስጅን መሣሪያ አለ? ለዲኮምፕረሽን ሕመም ሕክምና የሚሰጥበት የግፊት ክፍል የት ይገኛል? ኢንሹራንሱስ ያንን ይሸፍናል?

ዋጋ ብቻውን መለኪያ አይሆንም። በዝቅተኛ ዋጋ በጥንቃቄ የሚያስተምሩ ትንንሽ ማዕከላት አሉ፤ ውድ ሆነው የሚቸኩሉም አይጠፉም። ልዩነቱ የሚታየው ለጥያቄዎቹ በሚሰጠው መልስ ነው። ጊዜ ሰጥቶ የሚያስረዳ ማዕከል ውሃ ውስጥም ጊዜ የመስጠት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሥልጠናው ከጀመረ በኋላም አንድ መብት ከሠልጣኙ ጋር ይቆያል። ማንኛውም ጠላቂ ማንኛውንም ጠለቃ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳይሰጥ መተው ይችላል። የከፈለው ገንዘብ ባይመለስለት እንኳ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ ነው።